ብርጭቆዎቹን ያነሳሁ ዕለት

ዓርብ ነበር፤ በእናቴ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ በእኔ ስልክ ላይ አራት። ከአገራችን ርቀን በምንኖርበት ከተማ፣ ያራቪል በሚባል ሠፈር ባለ አንድ ኦፕ ሾፕ፣ ሰዎች የለገሱት አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ፣ የመጨረሻው መደርደሪያ ፊት ተንበርክኬ ነበር። ጆሯቸው ከተሰበረ ስኒዎችና ክዳን ከሌላቸው ማንቆርቆሪያዎች ጀርባ አንድ ረጅም የአበባ ማስቀመጫ ቆሟል። ላዩ የዛፍ ልጣጭ ይመስላል፤ ቀለሙ ዝናብ ያዘለ ደመና ነው። ከመንካቴ በፊት ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ገልብጬ ታቹን በጥፍሬ ዳሰስኩት። በመርፌ የተጫረች የምትመስል ቀጭን ፊርማ አለች። የፊንላንድ ነው። ለዓመታት ስፈልገው የኖርኩት ነው።

ስልኬ የጮኸው ያኔ ነው።

የደወሉት እትዬ ነበሩ። የእናቴ ጓደኛ ናቸው፤ ከስደተኛ ካምፕ አብረው የመጡ፣ ሴንት አልባንስ ከቤታችን ጀርባ ባለው መንገድ የሚኖሩ። የሚደውሉት ለእናቴ ነው እንጂ ለእኔ ደውለው አያውቁም።

"የት ነሽ የኔ ልጅ?"

"ያራቪል ነኝ እትዬ። ደህና ነዎት?"

"እናትሽ አጠገብሽ ናት?"

"ሥራ ላይ ናት።"

"ተመስገን" አሉ። ተመስገን ያሉበት ድምፅ የምስጋና አልነበረም። "ቁጭ በይ እስቲ።"

ወለሉ ላይ ነበርኩ፤ ከዚያ ዝቅ የምልበት የለም።

"አክስትሽ አርፋለች" አሉኝ። "ዛሬ ሌሊት። ከአዲስ አበባ ለእኔ ደውለው ነው የነገሩኝ። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። ሰምተሻል? ነገ ማለዳ ጋሼን ይዘን እንመጣለን፣ ሴቶቹም ይመጣሉ። ብቻዋን እንዳትሰማው። አደራ።"

ጋሼ እዚህ ሰው ሲሞት መርዶ የሚናገሩት ሽማግሌ ናቸው፤ አክስቴ ደግሞ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። አያቴ ቀድማ ስለሞተች እናቴን ያሳደገቻት እሷ ነበረች። እናቴ በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ እታለም ነው የምትላት። በሚቀጥለው ወር ልታያት ልትሄድ ፈቃድ ወስዳ፣ ትኬት ቡክ አድርጋ፣ ሻንጣዋ አልጋዋ ሥር ግማሽ ሞልቶ ተቀምጧል።

እትዬ ትእዛዛቸውን ቀጠሉ። "ዋይፋዩን አጥፊው። እነዚያ የማያስቡ ልጆች ፎቶዋን ፌስቡክ ላይ ለጥፈውታል። ሳሎኑንም ትንሽ አስለቅቂ፤ ብዙ ሰው ነው የሚመጣው። እነዚያን ጠርሙሶችሽን አንሺያቸው፣ ሰው ደረቱን ሲመታ አጠገቡ ያለውን አያይም። እንዳታውቅብሽ ግን።"

"እሺ እትዬ።"

"አታልቅሺ ደግሞ። ዓይንሽ ያሳብቃል።"

ማስቀመጫውን እንዴት እንደገዛሁት አላስታውስም። ፉትስክሬ ላይ ባቡር ስቀይር ግን በጋዜጣ ተጠቅልሎ ደረቴ ላይ ነበር። እስከ ዛሬ ከዚያ ጋዜጣ አላወጣሁትም።

እዚህ ያደግን ልጆች በዚህ ልማድ እንከራከራለን። ሰውየው እናቱ መሞቷን ሳያውቅ ሥራ ሲውል፣ ሲስቅ፣ ገበያ ሲሄድ፣ ከተማው ሁሉ አውቆበት ዝም ማለቱ ለብዙዎቻችን ጭካኔ ነው የሚመስለን። እኔ ግን አንድ ጊዜ አይቻለሁ። እናቴ ራሷ ስንት ቤት ማለዳ አንኳኩታለች። አንድ ጊዜ ይዛኝ ሄደች፤ የማውቃት ሴት የወንድሟን ሞት ስትሰማ ወደ ኋላ ወደቀች፣ ወለሉን ግን አልነካችም። ከአራት አቅጣጫ እጅ ያዛት። እናቴ በመኪና ስንመለስ፣ "አየሽ፣ ሞት የሚከብደው ለብቻ ሲሰሙት ነው" አለችኝ። ስለዚህ ያን ዓርብ ባቡር ውስጥ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እናቴ ብቻዋን እንዳትሰማው። እስከ ነገ ማለዳ። ከእኔ የሚፈለገው ይኸው ነው፤ ዝም ማለት ደግሞ በሕይወቴ ጎበዝ የሆንኩበት ብቸኛ ነገር ነው።

የፊንላንድ ብርጭቆ መሰብሰብ የጀመርኩትም በዝምታዬ ምክንያት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ክፍል ውስጥ አፌን መክፈት እፈራ ነበር። ተማሪዎች የሚወያዩበት ሰዓት በደረሰ ቁጥር ከደብተሬ ቀና አልልም። አንድ ቀን ከክፍል ቀረሁና ሴንት አልባንስ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ ኦፕ ሾፕ ገባሁ። ከፕላስቲክ ኩባያዎች መሃል አንድ የውኃ ብርጭቆ አገኘሁ። በረዶ እየቀለጠ ሲወርድ ድንገት ቀጥ ያለ ይመስላል። ቤት ወስጄ ስፈልግ ስፈልግ ከፊንላንድ መሆኑን ደረስኩበት። ድሮ እዚያ የጋለውን ብርጭቆ በእንጨት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይነፉት ነበር። በተነፋ ቁጥር እንጨቱ በትንሹ ይቃጠላል፤ የቃጠሎው ሻካራ ገጽ ብርጭቆው ላይ ይታተማል። የሚቀጥለው ሲነፋ እንጨቱ ሌላ መልክ ይዟል። ስለዚህ የአንድ ቅርጽ ልጆች ሆነው አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። ይህን ያነበብኩ ቀን ለሰው ልነግር ፈለግኩ፤ የምነግረው ሰው አጣሁ።

ከዚያ በኋላ የኦፕ ሾፕ መደርደሪያ ሳላይ የዋልኩበት ቅዳሜ ጥቂት ነው። ክብደቱን በእጅ መመዘን ተማርኩ። ጠርዙን በጣት እየዞሩ ስንጥቅ መፈለግ፣ ታቹን ወደ ብርሃን አዙሮ ፊርማ ማየት ተማርኩ። በማሽን ብዙ የታጠበውን እተወዋለሁ፤ የዓይን ሞራ የመሰለ ነገር ይጋርደዋል፣ በምንም አይለቅም። ብርጭቆ ፊት ስቀመጥ "አንቺስ ምን ትያለሽ?" የሚለኝ የለም። የገዛሁትን ሁሉ ሳሎናችን መስኮት ደፍ ላይ ደረደርኩ። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ የማር ቀለም፣ ጭስማ፣ ውኃ የመሰለ።

እናቴ መሳቂያ አደረገችኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ መስኮቱ በአገጯ ታመለክታለች።

"ዩኒቨርሲቲ ልኬያት ቆራሌ ሆና አረፈችው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከረጢቷን አንግታ 'ቆራሌው!' እያለች ነው የምትወጣው።"

"እማ!"

"ምን እማ ትይኛለሽ? የኛ ቆራሌ እንኳ ጠርሙስ ወስዶ ሳንቲም ይሰጣል። አንቺ ከፍለሽ ነው የምታመጪው።"

እንግዶቹ ይስቃሉ። እኔም ጎንበስ ብዬ እስቃለሁ። አንድ እሑድ ከአክስቴ ጋር በቪዲዮ ስታወራ ስልኩን ወደ መስኮቱ አዞረችው። "እታለም፣ የልጄን ጉድ እዪልኝ። ጠርሙስ ተራ ከፍታለች።" አክስቴ ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠግታ ብዙ ጊዜ አየች። የሚታየን ግንባሯ ብቻ ነበር። ከዚያ፣ "ያቺን የማር ቀለም ያላትን አምጪልኝ፤ ጠበል እጠጣባታለሁ" አለች።

እናቴ የዚያን ዕለት ማታ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች። "ቆራሌ፣ እሷን አልሰጥም በዪና እንጣላ።" ሰጠኋት። በነጠላዋ ጠቅልላ ሻንጣዋ መሃል፣ ከልብስ መካከል ቀበረቻት። በቦታዋ ሌላ ብርጭቆ ላስቀምጥ ስል ግን ከኩሽና ጮኸችብኝ። "ተዪው! የእታለም ቦታ ነው።" ክፍተቱ እንደዚያው ቀረ። ያኔ ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ ብዙ ነገር ይገባኝ ነበር።

ዓርብ ወደ ቤት እንደገባሁ ዋይፋዩን ነቀልኩ። ከዚያ ሳሎኑ መሃል ቆሜ አሰብኩ። ሶፋዎቹን ብገፋ ታስተውላለች። ምንጣፉን ባነሳ ታስተውላለች። ጠረጴዛውን ባለበት ተውኩት። ብርጭቆዎቹን ማንሳት ግን ምንም አልመሰለኝም። ስታሾፍባቸው እንጂ ስታያቸው አይቻት አላውቅም። እያንዳንዳቸውን በፎጣ፣ በካልሲ፣ በአሮጌ ቲሸርት ጠቀለልኩ። ካርቶን ውስጥ አስተኝቼ የእኔ አልጋ ሥር ገፋሁት። ሥራው እንዲያውም አረጋጋኝ። ስጨርስ የመስኮቱን ደፍ በጨርቅ ወለወልኩት። ብርጭቆዎቹ የቆሙባቸውን ክብ ክብ የአቧራ ምልክቶች እንኳ አልተውኩም።

በጋ ስለነበር እናቴ ከአረጋውያን መንከባከቢያው ስትመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ቁልፏን ሰማሁ። "እፎይ፣ ዛሬ ሺፍቱ አልቆ አልቆ አላልቅ አለኝ" እያለች ገባች። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣል አደረገች። ጫማዋን ሳታወልቅ ከመስኮቱ ትይዩ ካለው ግድግዳ ፊት ለፊት፣ ሁልጊዜ የምትቀመጥባት ወንበር ላይ ተቀመጠች። በየቀኑ እንደዚያ ታደርጋለች። "እግሬ እስኪበርድ" ትላለች። ምንም የማታይ፣ ደክሟት የምታፈጥ ይመስለኝ ነበር።

መስኮታችን ወደ ምዕራብ ነው። በዚያ ሰዓት ፀሐይ በብርጭቆዎቹ ውስጥ አልፋ ግድግዳው ላይ አረንጓዴና ሰማያዊ ታፈሳለች፤ ቀለሙ እየተንቀሳቀሰ ቀስ በቀስ ወደ ኮርኒሱ ይወጣል። እናቴ በየቀኑ ጫማዋን ሳታወልቅ የምታየው ያንን ነበር። ይህን የተረዳሁት ግድግዳው ነጭ ሆኖ ስታየው ነው።

ግድግዳውን አየች፤ ዞራ መስኮቱን አየች።

"ጠርሙሶችሽ የት ሄዱ?"

"ላጥባቸው ነው።"

"ሁሉንም ባንዴ?"

"አቧራ ይዟቸው ነበር።"

"አቧራ" አለች። ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ ነካ ነካ አደረገች፤ አልከፍት አላት። ቀና ብላ አየችኝ። "ዋይፋዩንስ? እሱንም አጠብሽው?"

በሌላ ቀን ቢሆን ሁለታችንም እንስቅ ነበር። "ተቋርጧል፤ ሠፈሩ በሙሉ" አልኩ። ድምፄ እንደ ወትሮው ቀጭን ነበር፤ ዓይኔን ግን የት ላድርገው? እናቴ ስልኩን በፊቱ ደፍታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ማን ብላ አልጠየቀችኝም። የለቅሶ ቤት እንዴት እንደሚዘጋጅ ታውቃለች። የሚሰበር ነገር ከሳሎን የሚነሳው መቼ እንደሆነ፣ የማን ስልክ እንደሚደበቅ፣ ማን ማለዳ እንደሚያንኳኳ ታውቃለች። ማን እንደሞተም ለማወቅ ከመስኮቱ ደፍ ሌላ ነጋሪ አላስፈለጋትም። ለእሷ ከዚያ አገር ማን ቀርቶ ነበር?

"ራት በልተሻል?" አለችኝ።

"አልበላሁም።"

"ብዪ እንጂ። ነገ እኮ..." አለችና አቋረጠች። ግድግዳውን አየች። "ነገ እኮ ቅዳሜ ነው" ብላ ጨረሰችው።

ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባች። የሻንጣው ዚፕ ሲከፈት ሰማሁ። ጥቂት ቆይቶ ተዘጋ።

እኔ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ብናገር ልማዱ የሚፈራውን ራሴ ማድረጌ ነው፤ እናቴን የምትይዛት አንዲት ልጇ ብቻ ሆና ሞት ይነገራታል፤ ያቺ ልጅ ደግሞ እኔ ነኝ፣ የማልችል። ዝም ብል አንድም ሰው ሳይይዛት ብቻዋን ታሳድረዋለች። ሄጄ ልቀፋት ብዬ አሰብኩ። እኛ ቤት ያለ ምክንያት ሰው አይተቃቀፍም፤ ማቀፌ ራሱ መናገር ይሆናል። አጠገቧ ልቀመጥ ብል እሱም ያው ነው። ማንኛውም ደግነት መርዶ ሆነብኝ። ስለዚህ ለምንም ነገር ምልክት የማይሆነውን አደረግኩ። ሳህን አጠብኩ። የታጠበውንም ደግሜ አጠብኩ።

እናቴ ወጥታ ከእኔ ጋር ራት ተቀመጠች። ስለ ሥራዋ ነገረችኝ። አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ዛሬም በእናቴ ስም ሳይሆን በራሷ እህት ስም እንደጠራቻት ነገረችኝ። "ዝም ብዬ አቤት አልኳት" አለች። "ምን ይደረጋል። እህቷ ሞታለች፤ አሮጊቷ አታውቅም።" ይህን ስትል ሹካዋን አስቀመጠች፤ መልሳ አነሳችው። እኔ ሳህኔ ላይ አቀረቀርኩ። አንድ ቃል ነበር የቀረን። ሁለታችንም አላወጣነውም።

ስለዚያ ሌሊት የምጽፈው የለኝም፤ የተሰማ ነገር አልነበረምና። እንድታለቅስ ጠበቅኩ። ጆሮዬን ከግድግዳው አስጠግቼ ጠበቅኩ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ኖሮ እሰማ ነበር፤ ብሰማ ደግሞ ማወቋን ማወቄ ነው፤ ነገ በሚመጡት ሰዎች ፊትም የእኔ አደራ ይፈርሳል። እህቷን አጥታ የሌሊቱን ልቅሶ የዋጠችው ለእኔ ብላ ነው። ከዚህ የከፋ ነገር ሠርቼባት አላውቅም፤ ያም ሆኖ የሠራሁት የታዘዝኩትን ብቻ ነበር።

ሲነጋጋ ከክፍሌ ወጣሁ። እናቴ ወንበሯ ላይ ነበረች። ጥቁር ቀሚሷን ለብሳለች፣ ፀጉሯን ሸፍናለች፣ ጫማዋን አድርጋለች። አልጋዋ በበሩ በኩል ይታያል፤ ተነጥፏል፤ ሰው የተኛበት አይመስልም። ፊቷ ወደ ነጩ ግድግዳ ነው። ልናገር አፌን ስከፍት ከውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማን። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ሰው እንዳይሰማ ቀስ ተብሎ የሚዘጋ የመኪና በር ድምፅ ከምንም በላይ ይሰማል።

እናቴ ተነሳች። ወደ ክፍሏ ሄደች፣ የተነጠፈውን አልጋ ገለጠች፣ ጥቁሩ ቀሚሷ ላይ ጋቢ ደርባ ከነጫማዋ ገባችና ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችው። ሁሉንም ሳትቸኩል አደረገችው። ከዚያ በዓይኗ በሩን አሳየችኝ። ዘጋሁላት።

የውጭውን በር ከፈትኩ። ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከፊት ቆመዋል። ከኋላቸው እትዬና ነጠላ ያጣፉ ሴቶች አሉ። ከእነሱ ኋላ ሥራ ከመግባታቸው በፊት የደረሱ፣ ዩኒፎርም ላይ ጥቁር ሻርፕ የጣሉ አሉ። እትዬ አፋቸውን ወደ ጆሮዬ አስጠጉ።

"አላወቀችም አይደል?"

ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። አላወቀችም።

"ጎበዝ" አሉና ጉንጬን ዳበሱኝ። ገብተው ሳሎኑን ቃኙ፤ ባዶውን የመስኮት ደፍ አይተው ራሳቸውን በእርካታ ነቀነቁ። ከውስጥ የእናቴ ድምፅ መጣ፤ ከእንቅልፍ የባነነ ሰው ድምፅ፣ ምንም ያልጎደለው።

"ማነው በዚህ ማለዳ?"

ጋሼ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ፤ ሴቶቹም ተከተሉ። የተባለውን አልሰማሁም። የሰማሁት ጩኸቷን ነው። ሌሊቱን ሙሉ የያዘችው ስለነበረ ሲወጣ ቤቱን ሞላው። ሴቶቹ ከአራት አቅጣጫ ያዟት፤ ትከሻዋን፣ ራሷን፣ እጆቿን። እኔ የምይዘው ቦታ አልቀረም። እግሯ ሥር ብቻ ክፍት ነበር። ብርድ ልብሱ ተገፍፎ የጫማዋ ጫፍ ታየኝ።

ተንበረከክኩ። ማንም ወደ ታች ሳያይ፣ ማሰሪያዎቹን ፈታሁ፣ አንዱን አወለቅኩ፣ ሌላውን አወለቅኩ። አልጋው ሥር፣ ሻንጣው አጠገብ አስቀመጥኳቸው።